መልስ፦ የብስክሌቴ በዘይት የሚሠራ የሺማኖ ዲስክ ፍሬን ለሰለሰብኝ ላልከው

እጀታውን ስትስበው ለስልሶ ደጋግመህ ስትስበው የሚጠነክር ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። ዘይት አይታመቅም፣ አየር ይታመቃል፤ ጉልበትህ ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ፓድ ጋ ሳይደርስ እዚያው ያልቃል። ብስክሌቱን ገልብጠህ ካቆምክ በኋላ የጀመረ ከሆነ ደግሞ አየሩ ከእጀታው የዘይት ቋት ወጥቶ ወደ መስመሩ ገብቶ ነው።

አስቀድመህ የቱቦውን መጋጠሚያዎችና የካሊፐሩን (ፓዶቹን የያዘውን ክፍል) ፒስተኖች ዙሪያ እይ። የሚያፈስ ከሆነ አየር ማውጣቱ ብቻ አያዛልቅህም።

አየሩን ለማውጣት ጎማውንና ፓዶቹን አውጣ፤ ዘይት የነካው ፓድ ከዚያ በኋላ በደንብ አይዝም። በፓዶቹ ቦታ የፕላስቲክ ማገጃውን አስገባ። እጀታውን ከመሬት ጋር ትይዩ አድርገህ በ2.5 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) የዘይት ቋቱን ብሎን ፍታና በቦታዋ የዘይት ኩባያውን እሰር። ዘይት የሞላ ሲሪንጅ ከካሊፐሩ ጋር አገናኝ፣ የካሊፐሩን የዘይት መክፈቻ 1/8 ዙር ፈትተህ ዘይቱን በቀስታ ግፋ። ኩባያው ውስጥ አረፋ ሲያቆም መክፈቻውን ዝጋ። ከዚያ ቱቦውን በእጅህ መታ መታ እያደረግክ እጀታውን በቀስታ ሳብ፣ ልቀቅ፤ ወደ ላይና ወደ ታች 30 ዲግሪ አዘንብለህም ድገመው። የተደበቀው አረፋ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፣ አትቸኩል።

ዘይቱ የሺማኖ ሚኒራል ኦይል ይሁን። የመኪና ፍሬን ዘይት (ዶት 3 ወይም 4) የውስጥ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ፍሬኑን ያበላሸዋል፤ ርካሽ ነው ብለህ እንዳትሞክረው።