በኢፍ ውስጥ የገባ ቫሪያብል ቅንፍ አያሻውም

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በምሠራበት ድርጅት ያሉትን ሰርቨሮች የምናስተዳድረው የሰርቨር ሥራዎችን በራሱ በሚያከናውነው መሣሪያ በአንሲብል ነው። ኤንጂንኤክስ የተባለውን የዌብ ሰርቨር የኮንፊገሬሽን ፋይል ከአንድ ቴምፕሌት (አብነት) እናወጣለን። ኤችቲቲፒኤስን የሚመለከተው ክፍል እንዲጻፍ የምፈልገው ለዚሁ የሰየምኩት ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም) «ትሩ» (እውነት) ሲሆን ብቻ ነው። ቫሪያብሉን እንደ ወትሮው በድርብ ጥምዝ ቅንፍ ከብቤ «ይህ ከሆነ» በሚለው ትእዛዝ በኢፍ ውስጥ ባስገባው የአጻጻፍ ስሕተት አለ ብሎ ቆመ። ቅንፉን ሳነሣው ሠራ፤ ነገር ግን ፕሌይቡኩን (የሥራ ዝርዝሩን ፋይል) ሳስኬድ በትእዛዝ መስመሩ ላይ ለቫሪያብሎች ዋጋ በሚሰጥበት በ«ኤክስትራ ቫርስ» በኩል «ፎልስ» (ሐሰት) ብዬ ብሰጠውም ክፍሉ ተጽፎ አገኘዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የመሣሪያው?

አንድ የሲስተም ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የገጠሙዎት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የመጀመሪያው የእርስዎ ነው፤ በሁለተኛው ግን መሣሪያውም ከወቀሳ አያመልጥም።

አንሲብል ቴምፕሌቶቹን የሚያነበው ጂንጃ በተባለ የቴምፕሌት ቋንቋ ሲሆን፣ በጂንጃ ድርብ ጥምዝ ቅንፍ ማለት «የዚህን ዋጋ አስልተህ እዚህ ቦታ ላይ ጻፍልኝ» ማለት እንጂ «ይህ ቫሪያብል ነው» ማለት አይደለም። ኢፍ የሚጻፍበት፣ ቅንፍና የመቶኛ ምልክት ያለው ሐረግ ውስጥ ከገቡ ወዲያ ማንኛውም ያለ ትእምርተ ጥቅስ የተጻፈ ስም በራሱ እንደ ቫሪያብል ይነበባል። እዚያ ውስጥ ጥምዝ ቅንፍ ሲከፍቱ ጂንጃ የቁልፍና የዋጋ ጥንድ የሚይዝ መዝገብ የጀመሩ ይመስለዋል፤ ስለዚህም ነው የስሕተት መልእክቱ ባልጠበቁት ቦታ «ኮለን ጠብቄ ነበር» የሚለው። በፕሌይቡክ ውስጥ አንድ ሥራ ይከናወን አይከናወን የሚወስነው «ዌን»ም ያለ ቅንፍ የሚጻፍ የጂንጃ አገላለጽ ነው። በአንጻሩ ቫሪያብሉን የሚያነጻጽሩት ከጽሑፍ ጋር ከሆነ፣ ለምሳሌ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቤተሰብ ደቢያን መሆኑን ለማየት ከሆነ፣ ደቢያን የሚለውን ቃል በጥቅስ ውስጥ ማስገባት ግድ ነው፤ አለበለዚያ በዚያ ስም የሚጠራ ቫሪያብል ይፈለጋል።

ሁለተኛው ችግር ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ምክንያቱም ምንም የስሕተት መልእክት አያሳይም። በኤክስትራ ቫርስ ስምና ዋጋን በእኩል ምልክት አያይዘው የሚሰጡት ነገር ሁሉ ጽሑፍ ሆኖ ይተላለፋል። የእርስዎ «ፎልስ»ም አምስት ፊደላት ያሉት ጽሑፍ እንጂ የእውነት-ሐሰት ዋጋ አልነበረም፤ ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ደግሞ በኢፍ ፊት ሁልጊዜ እውነት ነው። ከአንሲብል ኮር 2.19 ጀምሮ «ዌን» የእውነት-ሐሰት ውጤት ካልተሰጠው በስሕተት ይቆማል፤ በቴምፕሌት ውስጥ ያለው ኢፍ ግን ዛሬም ዝም ብሎ ያልፋል። በኢኒ ቅርጽ የተጻፈ ኢንቬንተሪ (የሰርቨሮች ዝርዝር) ካለዎትም ይጠንቀቁ፦ «ፎልስ»ን ኤፉን ትልቅ አድርገው በሰርቨሩ ስም መስመር ላይ ከጻፉት የእውነት-ሐሰት ዋጋ ሲሆን፣ ያንኑ ወደ ቡድኑ የቫሪያብል ክፍል ቢያወርዱት ጽሑፍ ይሆናል። ይህ ብዙ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ሳይቀር ያሳስታል፤ እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ቫሪያብል በያምል ቅርጽ የተጻፈ ፋይልን የምመርጠውም ለዚህ ነው።

መፍትሔው በኢፍ ውስጥ ከቫሪያብሉ ስም ቀጥሎ የፓይፕ ምልክት (|) እና «ቡል» የተባለውን ፊልተር (ዋጋ ለዋጭ) መጨመር ነው፤ እርሱም ጽሑፉን ወደ እውነተኛው ዋጋ ይለውጠዋል። ዋጋውን በጄሰን ቅርጽ ቢያስተላልፉም ዓይነቱ ይጠበቃል። ቫሪያብሉ ጭራሹኑ ያልተሰየመባቸው ሰርቨሮች ካሉ ከ«ቡል» በፊት መጠባበቂያ ዋጋ የሚሰጠውን «ዲፎልት» የተባለውን ፊልተር በ«ፎልስ» ያስገቡ፤ ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ፣ ያልተሰየመ ቫሪያብል ወደ «ቡል» ከደረሰ በኋላ መጠባበቂያው አይጠቅምምና። አሁንም ጥርጣሬ ካለዎት በ«ዲበግ» ሞጁል ውስጥ «ታይፕ ዲበግ» የተባለውን ፊልተር ቢጠቀሙ የዋጋውን ዓይነት ይነግርዎታል። ከዚያም ፕሌይቡኩን በ«ቼክ» እና በ«ዲፍ» አማራጮች ቢያስኬዱት፣ በሰርቨሩ ላይ አንዳች ነገር ሳይቀየር የኤችቲቲፒኤስ ክፍሉ መጻፍ አለመጻፉን ያያሉ።