በጅማ የሕፃናትና የቤተሰብ ድጋፍ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች

ዘንድሮ በጤና ጣቢያ፣ በትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይም በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች ይህን የምጽፈው፣ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር ስሠራ ኖሬ በጡረታ ከተገለልሁ በኋላ ነው። የምመክራችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ እርሱም አንድን ልጅ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ከላካችሁት በኋላ መድረሱንና እርዳታ ማግኘቱን እስክታውቁ ድረስ ከእጃችሁ እንዳልወጣ መቁጠር ነው።

የመመሪያ እጥረት የለብንም። በ2002 ዓ.ም. የወጣውን የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ትምህርት፣ ጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ አዘጋጅተውታል። በ2010 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ ይፋ ያደረጉት ማዕቀፍም ጤና፣ የተመጣጠነ ምግብ፣ ስሜቱን ተረድቶ ምላሽ የሚሰጥ አሳዳጊ፣ ደኅንነትና የመማር ዕድል ለሕፃን በአንድነት ሊሟሉለት እንደሚገባ ይገልጻል። እነዚህን አምስቱን ብቻውን የሚያሟላ መሥሪያ ቤት በየትኛውም ቀበሌ የለም። ይሁንና ሰነዱ ወደ ታች ሲወርድ እያንዳንዱ ዘርፍ የየራሱን ዕቅድና የሪፖርት ቅጽ ይዞ ስለሚመጣ፣ ለሌላው ዘርፍ የተደረገ እገዛ በማንም አፈጻጸም ውስጥ አይቆጠርም።

በየጊዜው የሚያጋጥም ዓይነት ጉዳይ ላንሣ። በቡና መጋዘን በለቀማ የምትተዳደር እናት ሁለት ዓመት የሞላውን ልጇን ለጎረቤት ትታ ትውላለች እንበል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጁን ክንድ ለክታ 12 ሴንቲ ሜትር ታገኛለች፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ሴንቲ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ስለሆነ መካከለኛ የምግብ እጥረት ብላ ትመዘግብና ወደ ጤና ጣቢያ ትልከዋለች። ጤና ጣቢያው ስለ አመጋገብ መክሮ ይሸኛታል። ልጁን የምትጠብቀው ጎረቤት ደግሞ ስሙ ሲጠራ እንደማይዞር፣ ጆሮውም አልፎ አልፎ እንደሚመግል አስተውላለች፤ የጠየቃት ግን የለም። በዚህ ዕድሜ ሁለት ቃላት ማጣመር ይጠበቅበት የነበረ ልጅ ዝም ሲል "ወንድ ልጅ ይዘገያል" ተብሎ ይታለፋል፤ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ኦ ክፍል ሲገባም መምህርቷ ሰነፍ ትለዋለች። ሁሉም የየድርሻቸውን ሠርተዋል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ጤና ጣቢያውና ጎረቤቷ የሚያውቁት በአንድ ወረቀት ላይ ቢሰፍር ኖሮ ግን ጆሮው ከዓመታት በፊት ይታይ ነበር።

ስለዚህ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ምላሽ የሚጻፍበትን ክፍል እንደ ትርፍ አትዩት። መልስ ካልመጣ ደውሉ፤ ካልተነሣ በእግራችሁ ሂዱ፤ ከሄርማታም ሆነ ከመንደራ ሰፈር ወደ ጤና ጣቢያ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ በአንድ ስብሰባ ከምታሳልፉት ያንሳል። ብዙ ችግር ላለበት ቤተሰብ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ተጠሪ ይሁን፤ እናቲቱ ታሪኳን ለእርሱ ወይም ለእርሷ አንድ ጊዜ ትንገር። ያንኑ ጉዳይ በየቢሮው ደጋግሞ መናገር የድሃ ሰው ቅጣት ሆኗል፤ ደግሞም እያንዳንዱ ቀጠሮ የዕለት ደመወዟን ያስቀርባታል። ቡና በሚለቀምበት ወራት የገጠር እናቶችን በሥራ ሰዓት ቀጥሮ "አልመጡም" ብሎ መመዝገብም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

መረጃ መለዋወጥ ግን ገደብ አለው። የባል ጠብ፣ የኤችአይቪ ውጤት፣ የአእምሮ ሕመም እናቲቱ ሳትፈቅድ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሊሄድ አይገባም። ለማን፣ ምን፣ ለምን እንደምትነግሩ አስቀድማችሁ ጠይቋት፤ ይህንንም በምትረዳው ቋንቋ አድርጉት፤ አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ካላችሁ ተማሩ፤ ትልቁን ልጅ ማስተርጎም የእናቱን ምስጢር እርሱ ላይ መጫን ነው። የእድር ዳኞችና የሃይማኖት አባቶች እርዳታ በማሰባሰብ ማንም የማይተካቸው ናቸው፤ የቤተሰቡን ዝርዝር ጉዳይ ማወቃቸው ግን ብዙ ጊዜ አስፈላጊ አይደለም።

ከእናንተ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ የጤና ባለሙያዎች አንድ ዕድል አላችሁ። በቡድን ሥልጠና ፕሮግራሙ የሕክምና፣ የነርስ፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ተማሪዎች አብራችሁ ወደ ማኅበረሰቡ ወጥታችኋል፤ ተቀጥራችሁ ስትበታተኑ ያ ልማድ አብሮ እንዲበተን አትፍቀዱ። እኔ ብጠየቅ በዚያ ቡድን ውስጥ የማኅበራዊ ሥራና የመምህርነት ተማሪዎችንም በጨመርሁ ነበር፤ ይህ ግን የእናንተ ሳይሆን የኃላፊዎቻችሁ ጉዳይ ነው።

ስለ ባለድርሻ አካላት ስብሰባ ብዙ አልልም። በአጀንዳው ላይ ቢያንስ ባለፈው ወር የተላኩ ልጆች ምን ላይ እንደደረሱ የሚጠይቅ አንድ ነጥብ ይኑር፤ ቃለ ጉባኤውም ክትትሉን የሚወስደውን ሰው በስሙ ይጥቀስ።

በመጨረሻ፣ ዝውውር መቼም አይቀርላችሁም። የተከታተላችኋቸውን ቤተሰቦች ዝርዝር በፋይል ትታችሁ አትሂዱ፤ ተተኪያችሁን ይዛችሁ በየቤቱ አስተዋውቁ፤ ተተኪው ገና ካልተመደበም ዝርዝሩን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አስረክቡና ጽሕፈት ቤታችሁ እንዲያውቀው በደብዳቤ አሳውቁ።