ቫልገር፣ ኦብሲንና ፕሮፌን፦ ሦስቱንም «ጸያፍ» ልበላቸው ወይ ላልሽው

አትበይ። ሦስቱ የእንግሊዝኛ ቃላት (vulgar, obscene, profane) ትርጉማቸው ይለያያል። ደሴ ገበያ ላይ በሚዛን የተጣሉት የታሪክሽ ነጋዴዎች ለሚወራወሩት ስድብ የሚስማማው ቫልገር ነው። በአማርኛ «የብልግና ቃል» ወይም «ስድ አነጋገር» በይው።

ቫልገር ሥሩ ላቲን ነው፤ «ተራው ሕዝብ» ከሚል ቃል የመጣ። ያልታረመ አንደበትን ያሳያል።

ኦብሲን በጣም ይከብዳል። ብዙ ጊዜ ወሲብ ነክ ሆኖ የሚያስጸይፍ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ የሕግ ቃልም ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 እ.ኤ.አ. መለኪያ አውጥቶለታል። «ጸያፍ»ን ለዚህ አስቀምጪው።

ፕሮፌን ደግሞ «ከቤተ መቅደስ ውጭ» ከሚል ይመጣል። የተቀደሰን ነገር ማቃለል ነው። እኛ ወሎ አንዱ «ወላሂ» ሌላው «በማርያም» ይላል፤ ይሄ መሐላ እንጂ ፕሮፌን አይደለም። በንዴት የፈጣሪን ስም እንደ ስድብ መወርወር ግን ፕሮፌን ነው።

ክሩድ (crude) የሚለውንም ጠይቀሻል። ድፍድፍ ነዳጅን ክሩድ ኦይል እንደሚሉት፣ ያልተጣራ፣ ጥሬ ማለት ነው። ክሩድ ቀልድ ስትዪ ለዛ የሌለው፣ ብልግና የቀላቀለ ቀልድ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። አንድ ቢሮ ውስጥ ጥበቃው ጮኾብኝ በእንግሊዝኛ አቤቱታ ስጽፍ «ኦብሲን ነገር ተናገረኝ» አልኩ። አለቃው ጠርቶኝ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወሲባዊ ነገር ነው የተናገረሽ?» አለኝ። ደነገጥኩ። ሰውየው በአንድ ቃል እንጀራውን ሊያጣ ነበር። ማለት የነበረብኝ ሩድ (rude) ነው፤ ሥነ ሥርዓት የጎደለው።