የራስን ፊት በሊኖ ማተም፦ «እኔን አልመሰለም» ለምን ይሆናል?

እህቴ፣ በጥያቄሽ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። በስልክ ካነሳሽው ፎቶ ሊኖ (የተቀረጸው ቦታ ነጭ ሆኖ የሚቀርበት፣ ያልተነካው ቀለም ይዞ የሚታተምበት ለስላሳ ንጣፍ) ቀርጸሽ ያተምሽው ፊት «እኔን አልመሰለም» ብለሻል። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ተደፍነውብሻል። ስምሽንና የአያትሽን ነጠላም ማስገባት ፈልገሻል። ማተሚያ ማሽን የለሽም። ዋናው የመጀመሪያው ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ።

ህትመት ይገለብጣል፤ ሊኖው ላይ በግራ ያለው ወረቀቱ ላይ በቀኝ ይወጣል። ዛፍና ቤት ሲሆን ይህ ብዙም አያስጨንቅም፤ የራስ ምስል ሲሆን ግን ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ይወሰናል። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ የለመድሽው የመስታወቱን ፊት ነው፤ እናትሽና ጓደኞችሽ የሚያውቁት ሌላውን ነው። የማንም ፊት ግራና ቀኙ እኩል ስላልሆነ ልዩነቱ ይታያል። መስታወት ፊት ተቀምጠሽ ያየሽውን ሳትገለብጪ ሊኖው ላይ ከሳልሽ፣ የሚታተመው ሰው የሚያይሽ መልክ ነው። ያልተገለበጠ ፎቶ በካርቦን ወረቀት በቀጥታ ካሰፈርሽ ደግሞ የመስታወቱ መልክ ይወጣል። የስልክ የፊት ካሜራ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ አንዳንዱ ገልብጦ ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ አይገለብጥም። መጽሐፍ ይዘሽ አንድ ፎቶ አንሺና ፊደሉ መነበቡን እዪ። አሁን ያለሽን ህትመት ደግሞ መስታወት ፊት ያዢው። እዚያ ውስጥ ከመሰለሽ ቅርጹ ትክክል ነው፤ የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው።

የትኛውን ልታትሚ እንደምትፈልጊ ቢላ ሳታነሺ ወስኚ። ዓላማሽ ማንነትሽን መመርመር ከሆነ፣ ሌሎች የሚያዩትን ምረጪ ባይ ነኝ። ያልለመድሽው ፊት ስለሆነ እያንዳንዱን ነገር እንደ አዲስ እንድታዪ ያስገድድሻል።

ሁለተኛው ምክንያት የቆዳ ቀለም ነው። ብዙ ጀማሪ ፊቱን በሙሉ ጠርቦ ያወጣና ዓይን፣ ቅንድብ፣ አፍንጫና ከንፈርን በጥቁር መስመር ያስቀራል። የሚወጣው ነጭ ፊት ነው፤ ጠይም ሰው ታዲያ እንዴት ራሱን ይመስላል? ተቃራኒውን አድርጊ፦ ፊቱ ሳይነካ ጥቁር ይቆይ፣ የምትቀርጪው ብርሃኑን ብቻ ይሁን። በአንድ መስኮት አጠገብ ጎንሽን ለብርሃኑ ሰጥተሽ ተቀመጪ። ግንባር፣ የአፍንጫ ድልድይ፣ የጉንጭ አጥንት፣ የታችኛው ከንፈርና የአገጭ ጫፍ ላይ ብርሃን ያርፋል። እነዚያን የፊቱን ክብነት በሚከተሉ አጫጭር ጭረቶች አውጪ። ከጥላው ወገን ያለው የጀርባ ቦታ ግን መጠረብ አለበት፤ አለበለዚያ ጥቁር ፊት በጥቁር ላይ ይጠፋል። ጀርመናዊቷ ካቴ ኮልቪትስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በእንጨት የቀረጸቻቸውን የራሷን ምስሎች ፈልገሽ ተመልከቺ፤ ፊቱ ከጥቁሩ ውስጥ በጥቂት ጭረት ብቻ ሲወጣ ታያለሽ።

ሹሩባ በቀጭኑ ቪ መቅረጫ (ጫፉ እንደ V የሾለ) የራስ ቅሉን ተከትሎ ይሠራል። አፍሮ በጠባብ ዩ መቅረጫ (ጫፉ እንደ U የጎበጠ)፣ አቅጣጫቸው በተለያየ አጫጭር ምት ይወጣል። ንቅሳት ካለ ጥቁር መስመር ሆኖ እንዲቀር ዙሪያው ነው የሚነሳው። አቀማመጥም ይናገራል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ርኩሳን መናፍስትና ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ስለዚህ በጎን የታተመ ፊት ይህን ሥዕል አይቶ ላደገ ተመልካች ሌላ ስሜት ሊሰጥ ይችላል። አውቀሽ ተጠቀሚበት።

ስምሽን ስታስገቢ በጣም ተጠንቀቂ። «ባ» ሲገለበጥ «ቦ» ይመስላል፣ «ሳ» ደግሞ «ሶ»፤ ረጅሙ እግር ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራልና። በስስ አሳላፊ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ወረቀቱን ገልብጠሽ አሰፍሪ። ነጠላውም የወደቀበት ትከሻ ይቀየራል። የአለባበሱ መንገድ ለሐዘንና ለደስታ ስለሚለያይ፣ አያትሽ እንዴት ያደርጉት እንደነበር አስቀድመሽ አረጋግጪ። የጥለቱን ጌጥ ሁሉ ለመቅረጽ አትሞክሪ፤ አንድ ረድፍ በትልቁ ቢወጣ ይበቃል።

አሁን ወደ መደፈኑ። ሊኖው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ መጠኑ 15 በ20 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ፊቱ ሜዳውን ይሙላ፣ ዓይን ከ2 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ከደረቀ ፀሐይ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አሙቂው፣ ይለሰልሳል። ጥልቀቱ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይበቃል፤ ከኋላ ያለው ጨርቅ ከታየ ተላልፈሻል። ሁልጊዜ ከሚይዘው እጅሽ ርቆ በሚሄድ አቅጣጫ ግፊ። መስመር የሚደፈነው ብዙውን ጊዜ ቀለም ስለበዛ ነው። መስታወት ላይ ትንሽ ቀለም አውጥተሽ በሮለሩ ደጋግመሽ ዘርጊው። ድምፁ የተጣበቀ ነገር ሲላቀቅ የሚሰማውን ያህል ከጮኸ በዝቷል፤ ስስ የፍሽፍሽታ ድምፅ ሲሆን ልክ ነው። ሊኖውንም በአንድ ወፍራም ሳይሆን በሦስት አራት ስስ ንብርብር ቀቢው። በውኃ የሚሟሟ ቀለም በደረቅ አየር መስታወቱ ላይ እያለ ይደርቃል፤ ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን ጥቂት ጠብታ ያዘገየዋል። የዘይት ቀለም ጊዜ ይሰጥሻል፣ ግን ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል። ሲጸዳ በምግብ ዘይት፣ ከዚያ በሳሙና ነው።

ያለ ማሽን ለማተም ወረቀቱ ስስ ይሁን፣ በካሬ ሜትር ከ120 ግራም አይብለጥ። ቀለም በተቀባው ሊኖ ላይ አንጥፈሽ በማንኪያ ጀርባ ከመሐል ወደ ጠርዝ በትናንሽ ክብ እሺው። አንዱን ጥግ በእጅሽ ተጭነሽ ሌላውን ከፍ አድርገሽ እዪ፤ የሳሳው ቦታ ላይ መልሰሽ እሺ። እንደ ጨው የተነጣጠበ ከወጣ ግፊቱ ወይም ቀለሙ አንሷል።

የተነሳ ሊኖ አይመለስም። ስለዚህ ብርሃኑን ግማሽ ያህል እንዳወጣሽ አትሚ፤ በሙከራው ወረቀት ላይ ቀጥሎ የሚነሳውን በነጭ እርሳስ ምልክት አድርጊና ወደ ሊኖው ተመለሺ። ይህን ስታደርጊም መገልበጡን አትርሺ። ሙከራዎቹን አትጣያቸው፤ ገና ብርሃን ያልበዛበት ፊት ከመጨረሻው ይልቅ አንቺን ሊመስል ይችላል፣ እዚያ ላይ ማቆምም መብትሽ ነው። የመጨረሻዎቹን በእርሳስ ከሥር ቁጥር ስጫቸው፦ 1/10፣ 2/10 እያልሽ በግራ፣ ፊርማሽ በቀኝ።

ቀጣዩን ሙከራ ስትለጥፊ የሊኖውንም ፎቶ ጨምሪ፤ መስመሩ ጥልቀት ስላነሰው ይሁን ቀለም ስለበዛበት የተደፈነው ከሁለቱ ጎን ለጎን ይለያል።