ዩጋንዳ ገጠር ሚስዮናዊ ነበርኩ፣ ጠይቁኝ (ከቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶች ግሩፕ)

ተመላሹ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ደረጃ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ ስለ ሚስዮን ስለሚጠይቀኝ እዚሁ አንዴ ልመልስና ልገላገል። የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን አባል ነኝ። ብዙዎቻችሁ ሞርሞን የምትሉን ማለት ነው። በወጣትነቴ ሁለት ዓመት ከጂንጃ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር አገልግያለሁ። ስለ ኑሮው ጠይቁ። የእምነት ክርክር ግን አልገባም። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ሁሉም ዓይነት አማኝ አለ፣ ነገ ደግሞ አንድ ሮቶ ሥር ጀሪካን ይዘን ነው የምንገናኘው። ሰዓት የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

ብሎክ 9፦ እሺ ወንድም፣ ሳምንቱ ምን ይመስላል?

ተመላሹ፦ ምን ይመስላል ማለት? እሺ፣ በአጭሩ። ከጠዋቱ 12፡30 መነሳት። ግማሽ ሰዓት ስፖርት፣ ቁርስ፣ ጥናት፣ ከዚያ መውጣት። ሰው ቤት ማስተማር፣ ማሳ ማረም፣ ግድግዳ መለሰን፣ የተገኘውን ማገዝ። ማታ 3 ሰዓት ቤት፣ 4፡30 መኝታ። እሁድ ቤተክርስቲያን። ሰኞ የዝግጅት ቀን ነው፤ ልብስ፣ ገበያ፣ ፀጉር መቆረጥ፣ ለቤተሰብ መደወል። እሱም እስከ 12 ሰዓት ብቻ ነው፣ ማታውን ወደ ሥራ። በሉጋንዳም ሰዓት እንደ እኛ ከንጋት ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ በሱ አልተምታታብኝም።

ጎራው፦ ቡና አትጠጡም የሚባለው እውነት ነው?

ተመላሹ፦ እውነት ነው። ቡና፣ ሻይ፣ አልኮል፣ ትምባሆ የለም። እ.ኤ.አ. ከ1833 ጀምሮ ያለ ትምህርት ነው። ኮካ ይጠጣል። ጠላም ጠጅም አልኮል ነው፣ ቀጣዩን ጥያቄ ቆጥቤላችኋለሁ።

ፉአድ፦ ኬኔቶስ? እኛም ቤት ይጠመቃል እኮ፣ አልኮል የለውም።

ጎራው፦ ኧረ ባክህ! ሦስት ቀን ያደረ ኬኔቶ ጠጥተህ ደረጃ ውጣና አሳየኝ።

ፉአድ፦ ሦስት ቀን ማን አሳድር አለህ? የናንተ ቤት ችግር ነው።

ተመላሹ፦ ኬኔቶውን በግል ጨርሱት። ሌላ?

የአቤል እናት፦ ልጄ፣ እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። አቤል ግን የናንተው ሆኗል፣ ምን አደርገዋለሁ። አሁን የሚስዮን ጥሪ ደብዳቤው መጥቶለት ዩጋንዳ ነው ያሉት። ራሱ መርጦ ነው እንዴ? ደግሞስ ምን ልግዛለት? ሁሉም ሻንጣ ሻንጣ ይለኛል።

ተመላሹ፦ እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት። አልመረጠም፤ ቦታው ከሶልት ሌክ ሲቲ ነው የሚመደበው። ሻንጣው ይቆይ። የቢጫ ወባ ክትባት ይከተብ፣ ካርዱን አይጣል። አሁን ስለ ልብስ አጠባ ልንገርዎት፣ ዋናው እሱ ነው።

የሚለበሰው ነጭ ሸሚዝና ክራቫት ነው። አፈሩ ደግሞ ቀይ ነው። የእኛ መረሬ ጫማ ላይ ነው የሚለጠፈው፤ ሲደርቅ በእንጨት ፍቀው ይጥሉታል። ያኛው ዱቄት ሆኖ ይነሳና አንገትጌና እጅጌ ውስጥ ይገባል። ከላብ ጋር ሲገናኝ ሸሚዙ በርበሬ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ስለዚህ እሁድ ማታ አንገትጌውን ሳሙና ቀብቶ ያሳድር። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ያንን በእጁ ይሽ፣ ከዚያ ሌላውን። በረኪና አያብዛ። ፖሊስተር ያለበት ሸሚዝ በበረኪና ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ አይመለስም።

አሁን ዋናው። እዚያ የማንጎ ዝንብ የምትባል አለች። የተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላል ትጥላለች። ልብሱን ሲለብሱት ይፈለፈልና ትሉ ቆዳ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ትንኝ የነከሰ ይመስላል፣ ያሳክካል። እያደር እንደ እባጭ ያብጣል፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ትሉ የሚተነፍሰው በሷ ነው። ቀዳዳዋን በቫዝሊን ሲደፍኗት አየር ያጣና ብቅ ይላል። ሳይበስል መጭመቅ አይገባም፣ ያመረቅዛል። ከበዛበት ክሊኒክ ይሂድ።

መድኃኒቱ ካውያ ነው። ሸሚዝ ብቻ እንዳይመስልዎት። ካልሲ፣ የውስጥ ሱሪ፣ ፎጣ፣ አንሶላ፣ ሁሉም ይተኮሳል። ከሁለቱም ወገን፣ በተለይ ስፌቱና ላስቲኩ። ሳርና መሬት ላይ ማስጣት የለም። ካውያ ያልነካው ልብስ አይለበስም። ይህን ይጻፍልኝ።

ብሎክ 14 ማርታ፦ የውስጥ ሱሪ ላይ ትል? በቃ ዛሬ እራት አልበላም።

ሳሚ ኬብል፦ ስንት ይከፈላችሁ ነበር ግን? በዶላር ነው?

ተመላሹ፦ አይከፈለንም። የምንከፍለው እኛ ነን። አሜሪካዊው እ.ኤ.አ. ከ2020 አጋማሽ ወዲህ በወር 500 ዶላር ያዋጣል። ከእኛ ዓይነት አገር የሚሄደው ቤተሰቡ የቻለውን ይሰጣል፣ የጎደለው ከሚስዮን ፈንድ ይሞላል።

ሳሚ ኬብል፦ 500 ዶላር! አላልኩም? ዶላር አለበት።

ተመላሹ፦ ሳሚ፣ መልሱን እንደገና አንብብ።

ጎራው፦ ሚስትስ ስንት ይፈቀዳል 😀

ተመላሹ፦ አንድ። ብዙ ማግባት እ.ኤ.አ. በ1890 ቀርቷል። ዛሬ ቢያደርገው ይባረራል። ቀጥሎ።

የጣና ልጅ፦ ጂንጃ ያልከው የአባይ መነሻ ነው ብለው ቱሪስት የሚወስዱበት ነው?

ተመላሹ፦ ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው እዚያ ነው። ሰኞ ሰኞ ዳር ቆመን እናየው ነበር። ለሚስዮናዊ ዋና ክልክል ነው። ባይከለከልም ሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ አለ።

የጣና ልጅ፦ መነሻው ጣና ነው እንጂ! ግብፅ ከሚደርሰው ውሃ 85 ከመቶ ገደማው ከእኛ ነው የሚሄደው።

ብሎክ 9፦ መጠንና መነሻ ይለያያል። ርዝመቱን ካየህ የነሱ ይበልጣል።

የጣና ልጅ፦ ርዝመት ግድብ አይሞላም ወንድሜ።

ፉአድ፦ ሁለቱም ካርቱም ላይ ይገናኛሉ፣ ምን ያጣላችኋል?

ተመላሹ፦ ለአባይ ሌላ ግሩፕ ክፈቱለት። እዚህ ሚስዮን ነው።

ሄለን ኬ፦ ሁለት ሁለት ሆናችሁ የምትዞሩት ለምንድን ነው? እርስ በርስ እንድትጠባበቁ?

ተመላሹ፦ እሱም አለበት። ደህንነትም ነው፤ ማታ ገጠር መንገድ ላይ ብቻህን መሆን አትፈልግም። ደንቡ ባልደረባህ ከምታይበትና ከምትሰማበት እንዳይርቅ ነው። ብቻህን የምትሆነው መጸዳጃ ቤት ነው። ባልደረባህንም አልመረጥከውም። በየስድስት ሳምንቱ የዝውውር ዜና ይመጣል፤ ወይ አንተ ትሄዳለህ፣ ወይ እሱ፣ ወይ ሁለታችሁም ትቆያላችሁ። ሰው ስብከቱ ይከብዳል ይላል። ስብከቱ ይለመዳል። የሚከብደው ያኮረፍከው ሰው ጋ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁርስ መብላትና ወዲያው አንድ በር ማንኳኳት ነው። አንደኛው ባልደረባዬ የኢዳሆ ገበሬ ልጅ ነበር፣ ትራክተር ፈታትቶ ይገጥማል። በእጁ ልብስ አጥቦ ግን አያውቅም። ሸሚዙን ሳፋ ውስጥ ነክሮ ታጠበ ይላል! ካልሲውን አልተኩስም ብሎ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሁለት ትል አወጣን። ከዚያ ወዲያ የኔንም ጭምር ይተኩስልኝ ነበር።

ሄለን ኬ፦ ስለ ባልደረባ ጠየቅኩህ፣ ካልሲ ላይ ደረስክ።

ተመላሹ፦ እዚያው ነው የሚያደርሰው።

ካሳ ብሎክ 31፦ ገጠር ገጠር አልክ፣ ከዚህ ይብሳል? እዚህ በክረምት ቦት ጫማ ሳታደርግ ታክሲ ጋ አትደርስም።

ብሎክ 14 ማርታ፦ ቱሉ ዲምቱን ገጠር አትበሉ እባካችሁ። ባንክ አለ፣ ጂም አለ።

ካሳ ብሎክ 31፦ ጂም አለ፣ ሻወር ግን የለም። ከብቱ የሚያልፈው በጂሙ በር ላይ ነው።

ተመላሹ፦ በውሃ ከሆነ እነሱ ይሻላሉ። የእጅ ፓምፕ ነበር፣ ሰልፍ አለው እንጂ አይጠፋም። እዚህ ግን ፈረቃ...

ብሎክ 22፦ ውሃ መጣ!!! ብሎክ 20፣ 21፣ 22 መጥቷል፣ ፍጠኑ!

ካሳ ብሎክ 31፦ ወደኛስ?

ብሎክ 22፦ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሙላ ብቻ።

ተመላሹ፦ ተመለስኩ። አራት ጀሪካን ሞላሁ።

ሊዲያ፦ ሴቶች መሄድ ይችላሉ?

ተመላሹ፦ ይችላሉ። ሴቶች 18 ወር፣ ወንዶች 24።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ አሁን ነው የገባሁት። ሳምንቱ ምን ይመስላል? ቡና አትጠጡም ይባላል፣ እውነት ነው?

ተመላሹ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

የአቤል እናት፦ ምግቡስ ልጄ? ጾም ያስፈቱታል? ድምፁንስ እሰማለሁ?

ተመላሹ፦ ምግቡ አያስቸግርም እትዬ። ማቶኬ አለ፤ ሙዝ በአረንጓዴው ተቀቅሎ የተፈጨ ነው። ፖሾ አለ፣ ከበቆሎ ዱቄት፣ ጠንከር ያለ ገንፎ በሉት። አደንጓሬ፣ የለውዝ ወጥ። በርበሬ ይላኩለት፣ እንባ አውጥቶ ያመሰግንዎታል።

ጾማችን ከእናንተው ይለያል። በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ሁለት ማዕድ ይዘለላል፣ የተቆጠበው ለተቸገረ ይሰጣል። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ77 ረሃብ ጊዜ፣ ጥር 19 ቀን 1977፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉ አባላት ለተራበው ሕዝብ፣ በተለይ ለእኛ አገር ብለው ልዩ ጾም ጾመው ነበር። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋጣ። ያኔ ቤተክርስቲያኑ እዚህ አገር ገና እውቅና እንኳ አልነበረውም። ፊታችንን አይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው ምሳቸውን የተዉት። እኔ ሚስዮን ልሂድ ያልኩት ይህን ሰምቼ ነው።

ድምፁን በየሳምንቱ ይሰማሉ። ድሮ በዓመት ሁለቴ ብቻ ነበር የሚደወለው፣ ለገናና ለእናቶች ቀን። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ሰኞ ሰኞ ይፈቀዳል። ኔትወርክ ቢጠፋ አይደንግጡ፣ ማክሰኞ ኢሜይል አይጠብቁ። ሲደውል መጀመሪያ ተኩሰሃል ወይ ይበሉት።

ካሳ ብሎክ 31፦ አባቴ በ77 ኮረም ነበር። ይህን አልሰማሁም ነበር።

ሳሚ ኬብል፦ ስለዚህ እርዳታ አለ ማለት ነው? እንዴት ይመዘገባል?

ተመላሹ፦ ሳሚ!

ፉአድ፦ ካውያ ካውያ አልክ፣ መብራት ከሌለስ?

ተመላሹ፦ ጥሩ ጥያቄ፣ ዛሬ የመጀመሪያው። የከሰል ካውያ። ከሰሉ ሙሉ በሙሉ ሳይቀጣጠል ክዳኑ አይዘጋ፣ ጭሱ ሸሚዙን ያጠቁራል። አመዱን ለማራገፍ ከልብሱ ራቅ ብለህ ወዘወዝ አድርገው። እዚያ ሥሩን በሙዝ ቅጠል ነው የሚጠርጉት፤ ጥላሸቱም ይለቃል፣ ካውያውም ይንሸራተታል። ነጭ ሸሚዝ ላይ ከመጀመርህ በፊት አሮጌ ጨርቅ ላይ ሞክር። መስኮት ክፈት፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል ይገድላል። አንሶላውን አስቀድም፣ ሸሚዙን መሃል ላይ፣ ከሰሉ እየደከመ ሲሄድ ክራቫቱን። ካልሲ ግን በትኩሱ ነው፣ ለብ ያለ ካውያ እንቁላሉን አይገድልም።

የአቤል እናት፦ እኔ ይሄን ሁሉ አልይዘውም ልጄ። ቅዳሜ ልላከው?

ተመላሹ፦ ከ8 ሰዓት በኋላ ይምጣ እትዬ። ሁለት ሸሚዝና ካልሲ አጥቦ፣ እርጥቡን ይዞ። ካውያውም ከሰሉም እኔ ጋ አለ።