ነቀዝ፣ አቀንጭራና የሲልቨር ስፕሪንጉ ትራክተር

በመኸር ሰሞን የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ እህል እህል ይላል። ዘንድሮም አልቀረም። አምስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ልጆች ነን፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ማኅበር አለን። ለቀበሌያችን ገበሬዎች ትራክተር ልንልክ እያዋጣን ነው። ምን ትመክረናለህ?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩሉ። ናፍጣውን ማን ይሞላል? ሲበላሽ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? የሹፌሩን ደመወዝስ ማን ይከፍላል? የገበሬው መሬት ግማሽ ሄክታር፣ ያውም ሦስት ቦታ የተበጣጠሰ ከሆነ ትራክተሩ ከሚያርሰው የሚዞረው ይበልጣል። እኔ በአንድ ግቢ ውስጥ ዶሮ እንቁላል የምትጥልበት ትራክተር በዓይኔ አይቻለሁ። ማን እንደሰጠው አልናገርም፤ እናንተን ግን ያሳዝናችኋል።

ደውላችሁ ጠይቁ። ስብሰባ ላይ የሚናገሩትን ወንዶች ብቻ ሳይሆን ጎተራ የምትከፍተዋን እናት ጠይቁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ምን እንደሚጎድል የምታውቀው እሷ ናት። መልሷ ብዙ ጊዜ ትራክተር አይደለም። የሚቀጥለውን ጥያቄ አንብቡት።

ጥያቄ፦ ከቡሬ ነው የምጽፍልህ። በቆሎዬን ነቀዝ ስለሚጨርስብኝ ጥር ላይ በርካሽ እሸጥና ክረምት ላይ በውድ እገዛለሁ። ነቀዝ የማያስገባ ከረጢት አለ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ። ፒክስ ይባላል። ሦስት ድርብ ነው፤ ውጪው የምታውቂው ማዳበሪያ፣ ውስጡ ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ። እያንዳንዱን ለየብቻ ጥብቅ አድርገሽ ስታስሪው አየር አይገባም። ነቀዙ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ታፍኖ ይሞታል። መድኃኒት የሚባል ነገር የለውም። ሐሳቡ የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ካሜሩን ውስጥ ላም አተር የሚባለውን ጥራጥሬ ከነቀዝ ለማዳን ነበር። የሠሩት የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከአገሬው ተመራማሪዎች ጋር ነው።

ግን እህሉ መድረቅ አለበት። እርጥብ ከከተትሽ ነቀዙ ይቀርና ሻጋታ ይመጣል። መለኪያ የለኝም ካልሽ ጨው ይበቃሻል። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምረሽ በደንብ ናጪው፤ ሩብ ሰዓት ያህል ተይው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ በቆሎሽን ፀሐይ ላይ መልሺው። ከረጢቱን ከግድግዳ አርቀሽ እንጨት ላይ አስቀምጪ። አይጥ ከቀደደው ነገሩ አበቃ። ካልተቀደደ ለከርሞም ይሆናል።

አደራ ደግሞ፣ የነቀዝ ክኒን የሰው መኝታ ባለበት ቤት አታስገቢ። የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ ማሽላችንን አቀንጭራ በላው። ብንነቅል ብንነቅል አያልቅም። (ከራያ)

መልስ፦ አቀንጭራ ጥገኛ አረም ነው። ከአፈር ብቅ ሲል ሥራውን ጨርሷል፤ ከሥር ሆኖ የማሽላውን ሥር ሲጠባ ነው የከረመው። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሳያብብ ንቀሉት፤ ካበበ በኋላ መንቀል መዝራት ነው።

መፍትሔው አንድ አይደለም። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ያወጡት የወሎንኮሚው ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙበት ሥራ ነው። (እሳቸውም ፐርዱ ናቸው። የነቀዙም የአቀንጭራውም ጠላት አንድ ግቢ መሆኑ ይገርመኛል።) ኬንያ ውስጥ ደግሞ በበቆሎና በማሽላው መስመር መካከል ዴስሞዲየም የሚባል ሐረግ ይዘራሉ፣ ዳር ዳሩን የዝሆን ሳር። ሐረጉ አቀንጭራን ያዳክማል፣ አገዳ ቆርቋሪውን ተባይ ያባርራል፣ ለላምም መኖ ነው። ችግሩ ዘሩ እንደልብ አለመገኘቱ ነው። የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ወጥራችሁ ያዙት።

ጥያቄ፦ ለድሃ ቤተሰቦች ፍየል ማደል ይጠቅማል?

መልስ፦ ክትባት ካለ። ደስታ መሰል የሚባለው ፍየልና በግ የሚፈጅ በሽታ ከገባ ግን የሰጣችሁት ፍየል ሳይሆን ሐዘን ነው። መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ፈልጉ፣ ከዚያ ፍየል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ ሐዋሳ። ከፈረንጅ እርዳታ ያልጀመረ አንድ የተሳካ ነገር ጥቀስልኝ።

መልስ፦ ያኩባ ሳዋዶጎ። የቡርኪና ፋሶ ገበሬ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980 ገደማ ድርቅ መሬቱን ድንጋይ ሲያደርገው አባቶቹ ይሠሩበት የነበረውን ዛይ የሚባል ዘዴ አሻሻለ። በበጋ ትንንሽ ጉድጓድ መቆፈር፣ ፍግ መጨመር፣ ዝናብ መጠበቅ። ፍጉ ምስጥ ይጠራል፤ ምስጡ መሬቱን ይበሳዋል፤ ውኃው በዚያ ይሰርጋል። እኛ የምንረግመውን ምስጥ እሱ ሠራተኛ አደረገው። ጎረቤት አበደ አለው። ተቋማት መጥተው ያዩት ሥራው ፍሬ ካፈራ በኋላ ነው፤ በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 ስዊድን ድረስ ጠርተው ሸለሙት። በ2023 አረፈ።

የእናንተ ቤት ጓሮ ደረቅ ከሆነ ዝናቡ ሳይመጣ አንድ ጥግ ላይ ሞክረው። ወገብህን ያምሃል፣ ቀድሜ ነግሬሃለሁ።