ጎል ሳያገባ የዓለም ዋንጫ ያነሳው 9 ቁጥር

ለዚህ ወር የመረጥኳቸው ደብዳቤዎች ሦስት ናቸው። ሦስቱም ስለ አንድ ሰው ይጠይቃሉ፦ ስለ ፈረንሳዊው አጥቂ ኦሊቪዬ ዢሩ። አጋጣሚ ይሁን ተማክራችሁ፣ እኔ እንጃ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ከፍኖተ ሰላም

«ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? 21 ዓመቴ ነው፤ 9 ቁጥር ነው የምጫወተው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ88 ነው፤ ፍጥነት ላይ ግን ብዙም አይደለሁም። ባለፈው ለሙከራ የሄድኩበት ክለብ አሰልጣኝ ‹ቁመት ብቻውን ኳስ አይጫወትም፤ ለሊግ አትሆንም› ብሎ መለሰኝ። ሰፈር ስገባ ደግሞ ጓደኞቼ ‹ዢሩ መጣ› እያሉ ያሾፉብኛል። በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ አንድም ጎል አላገባም ለማለት ነው። ስድብ ነው ወይስ ሙገሳ? ኳሱንስ ልተወው?»

ልጄ፣ ጓደኞችህ ሊሰድቡህ ፈልገው አሞግሰውሃል።

ያሉት ነገር እውነት ነው፤ እሱን አልክድም። ዢሩ ሩሲያ ላይ ሰባቱንም ጨዋታ ተሰልፎ ጎል አላስቆጠረም። እንዲያውም 546 ደቂቃ ተጫውቶ ኢላማውን የጠበቀ አንድ ሙከራ እንኳን የለውም። ፈረንሳይ ግን ዋንጫውን አነሳች። ታዲያ ሰውዬው እዚያ ሜዳ ላይ ምን ይሠራ ነበር?

የመጀመሪያውን ጨዋታ አስታውስ፤ ከአውስትራሊያ ጋር። አሰልጣኙ ዲዲዬ ዴሻም ግሪዝማንን፣ ምባፔንና ዴምቤሌን ከፊት አሰልፎ ገባ። ሦስቱም ፈጣኖች፣ ሦስቱም ባለ ኳስ። ቡድኑ ግን አልሄድ አለ። ዢሩ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ገባ። ፖግባ ኳሷን ከእሱ ጋር ተቀባብሎ ሲመታት በተከላካይ ተጨርፋ አግዳሚውን ነክታ ገባች። 2 ለ 1። ከዚያ በኋላ ዴሻም ዢሩን ከቋሚ አሰላለፍ አላወጣውም። በሁለተኛው ጨዋታ፣ ከፔሩ ጋር፣ ዢሩ የመታት ኳስ ተከላካይ ነክታ ወደ ጎሉ ስትሄድ ምባፔ ደርሶ አስገባት። ከአርጀንቲና ጋር 4 ለ 3 ባለቀው ጨዋታ ደግሞ አራተኛዋን ጎል ለምባፔ ያቀበለው ዢሩ ነው።

ይሄ በወረቀት ላይ የሚታየው ነው። የማይታየውን የፍጻሜው ቀን ደብረ ማርቆስ በአንድ ዲኤስቲቪ ቤት ሆኜ አይቼዋለሁ። ሐምሌ 8 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ምሽት 12 ሰዓት። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ኮሜንታተሩ አይሰማም። ቤቱ ጢም ብሎ፣ ግማሹ ሰው የላስቲክ ካፖርቱን ሳያወልቅ ቆሞ ነው። «ይሄን ግንድ አውጡልን!» የሚል አንድ ጎረምሳ አጠገቤ ነበር። «ኳሷን ተዋት፤ ለአምስት ደቂቃ እሱን ብቻ እየው» አልኩት። አየነው። ረጅም ኳስ ስትመጣ ዢሩ አይዘልም፤ መጀመሪያ ዳሌውን ተከላካዩ ላይ ያሳርፋል። ክንዱን ዘርጋ አድርጎ ሰውዬው የት እንዳለ በጀርባው ይለካል። ከዚያ በደረቱ አብርዶ፣ ወይም በቴስታ ነካ አድርጎ፣ ለግሪዝማን ይሰጣል። ኳሷ እሱ ዘንድ ሁለት ሴኮንድ አትቆይም። ሁለቱ የመሐል ተከላካዮች ግን ከእሱ ጋር ታስረው ቀርተዋል፤ ምባፔ የሚሮጥበት ሜዳ ባዶ ነው። ፈረንሳይ ክሮኤሺያን 4 ለ 2 ስታሸንፍ ጎረምሳው ዝም ብሎ ነበር። ማመኑን ግን እጠራጠራለሁ።

የጎጃም ልጅ ነህና በእርሻ ልንገርህ። ወይፈን ማረስ የሚማረው ከልምድ ካለው በሬ ጋር ተጠምዶ ነው። ያን ጊዜ ምባፔ 19 ዓመቱ ነበር፤ ዢሩ 31። ሰው የሚያየው የወይፈኑን ጉልበት ነው። አራሹ ግን ቀንበሩን ቀጥ አድርጎ የያዘው የትኛው እንደሆነ ያውቃል።

በዚያ ላይ ፈረንሳዮች ለዚህ ነገር እንግዳ አይደሉም። በ1998 ዋንጫውን ሲያነሱ 9 ቁጥር የለበሰው ስቴፋን ጊቫርሽም አንድ ጎል ሳያገባ ነው የዓለም ሻምፒዮን የሆነው።

አሁን ወደ አሰልጣኙ እንምጣ። ዢሩ ሻምቤሪ ተወልዶ ግረኖብል አካባቢ ባለች ፍሮዥ የምትባል ትንሽ ቦታ ነው ያደገው። በግረኖብል ክለብም ጀመረ። በአንተ ዕድሜ እያለ የክለቡ አሰልጣኝ ለላይኛው ሊግ አትመጥንም አሉት። በውሰት ኢስትር ለሚባል የሦስተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ተሰጠ፤ እዚያ በአንድ የውድድር ዘመን 14 ጎል አገባ። ግረኖብል ሲመለስም ቦታ አላገኘም። ስለዚህ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወዳለው ቱር ሄደ። በ2009/10 በ21 ጎል የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ሞንፔሊዬ ገዛው። በ2012 ሞንፔሊዬ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ያውም የፓሪሱ ክለብ ፒኤስጂ የኳታርን ገንዘብ በያዘበት ዓመት፣ የቡድኑ አጥቂ እሱ ነበር። ለብሔራዊ ቡድን መጀመሪያ የተሰለፈው በኅዳር 2011 ነው፤ 25 ዓመት ሞልቶታል።

ከዚህ «ተስፋ አትቁረጥ» የሚለውን አውጥቼ አልሰጥህም። እሱን ማንም ይልሃል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ዢሩ ትልቁ ክለብ ወንበር ላይ ተቀምጦ አልጠበቀም። ዝቅ ብሎ በየሳምንቱ ተጫወተ። ብዙ ልጆቻችን የሚጠፉት እዚህ ላይ ነው፦ የትልቅ ክለብ ማሊያ ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ዓመቱን ሙሉ ተጠባባቂ መሆን። አንተም አትተወው፤ ግን ለሙከራ ከከተማ ከተማ መዞሩን ለጊዜው ተወት አድርግና 90 ደቂቃ የሚያጫውትህ ቡድን ፈልግ። የወረዳም ይሁን የዞን፣ ለሰው እንዴት እንደሚመስል አታስብ። አሰልጣኙ አልተሳሳተም ይሆናል፤ ያየህ ግን የሙከራውን ቀን ብቻ ነው።

ፍጥነት የለኝም ላልከው፣ ሁለት ነገር ሥራ።

አንደኛው ጀርባህን ለጎል ሰጥቶ መጫወት ነው። አንድ ጓደኛህን ከኋላህ አቁመው። በእጅህ አትግፋው፤ ዳኛ ያየዋል። በዳሌህ ተደገፈው። ኳሷ ከመድረሷ በፊት አንዴ ዘወር ብለህ እይ። ከዚያ ከእሱ በራቀው እግርህ አብርዳትና በሁለተኛው ንክኪ ስጥ። ሦስተኛ ንክኪ የለም።

ሁለተኛው የቅርቡ ቋሚ ነው። ኳስ ከመስመር ስትሻማ ብዙ ረጃጅም ልጆች ሩቁ ቋሚ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ዢሩ ሁለት እርምጃ ወደ ሩቁ ቋሚ ይሸሻል፤ ተከላካዩ ሲከተለው ታጥፎ ከፊቱ ይገባል። እዚህ ላይ የሚያስፈልግህ ሁለት ሜትር መቅደም ብቻ ነው፤ ለዚያ ሯጭ መሆን የለብህም። በ2022 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ እንግሊዝ ላይ በ78ኛው ደቂቃ ያገባትን እያት። ግሪዝማን ከግራ አሻማ፤ ዢሩ ከማጓየር ቀድሞ በቴስታ ገጨ። 2 ለ 1። 36 ዓመቱ ነበር።

በዚያው ውድድር ፖላንድ ላይ ባገባት ጎል የቴሪ ሄንሪን የፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን የ51 ጎል ክብረ ወሰን አልፏል። ከ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን ሲሰናበት በ137 ጨዋታ 57 ጎል ነበረው። ጓደኞችህ ሲያሾፉ ይቺን ቁጥር ንገራቸው።

ከባሕር ዳር

«መምህር፣ ባለቤቴ አርሰናል ነው፤ ልጃችን ቼልሲ። ባለቤቴ ‹ዢሩ ሲሄድልን ተገላገልን› ይላል፤ ልጁ ደግሞ ‹ዋንጫ ያበላን እሱ ነው› ይላል። እራት ቀርቦ ክርክር ነው። እባክዎ ይፍረዱን።»

እህቴ፣ በሰው ትዳር መግባት አልወድም፤ ግን እራትዎ እንዳይቀዘቅዝ ልሞክር።

ባለቤትዎ ግማሽ እውነት አላቸው። ዢሩ አርሰናል በቆየባቸው ዓመታት በፕሪሚየር ሊጉ በአንድ የውድድር ዘመን ከ16 ጎል በላይ አግብቶ አያውቅም። ሊጉን ለማንሳት የሚፈልግ ክለብ ከ9 ቁጥሩ ከዚያ በላይ ይጠብቃል። ግን «ተገላገልን» የምትለዋ ቃል በዛች። ሰውየው በሁሉም ውድድር 105 ጎል አስቆጥሯል፤ ሦስት ጊዜ የኤፍኤ ዋንጫ አንስቷል። በጥር 1 ቀን 2017 ክሪስታል ፓላስ ላይ ያገባትን ጎል ደግሞ ባለቤትዎ ራሳቸው ከወንበር ሳይነሱ አላዩዋትም፣ እወራረዳለሁ። ሳንቼዝ ያሻማት ኳስ ከኋላው ቀረች፤ እሱ እየወደቀ የግራ ተረከዙን በጀርባው በኩል አንስቶ መታት፤ አግዳሚውን ነክታ ገባች። የዓመቱ ምርጥ ጎል ተብላ የፑሽካሽን ሽልማት ያገኘችው እሷ ናት።

ልጁስ? እሱ የበለጠ እውነት አለው። ዢሩ ወደ ቼልሲ የሄደው በጥር 2018 የዝውውሩ መዝጊያ ቀን ነው፤ በዚያው ቀን አጥቂው ኦባሚያንግ አርሰናል ገባ። በዓመቱ ማለቂያ የኤፍኤ ዋንጫ አነሳ። በ2019 በዩሮፓ ሊግ በ11 ጎል ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ፍጻሜው ባኩ ላይ ከማን ጋር ነበር? ከአርሰናል። የመጀመሪያዋን ጎል በቴስታ ተወርውሮ ያስገባው እሱ ነው፤ 4 ለ 1 አለቀ። በ2021 ደግሞ ሻምፒዮንስ ሊጉን ከቼልሲ ጋር አነሳ። ከዚያ ሚላን ሄዶ ክለቡ ከ2011 በኋላ አጥቶት የቆየውን ስኩዴቶ፣ የጣሊያን ሊግ ሻምፒዮንነት ማለት ነው፣ በ2022 አስመለሰ። በመዝጊያው ቀን ሳሱኦሎ ላይ ከገቡት ሦስት ጎሎች ሁለቱ የሱ ናቸው።

በነገራችን ላይ ዢሩን የናቁት ባለቤትዎ ብቻ አይደሉም። ሌላው ፈረንሳዊ አጥቂ ቤንዜማ በ2020 ራሱን በፎርሙላ ዋን መኪና፣ ዢሩን በካርቲንግ፣ በትንሿ የመወዳደሪያ መኪና፣ መስሎ ነበር። ቤንዜማ ትልቅ ተጫዋች ነው፤ ባሎን ዶር፣ የዓለም ኮከብ ተጫዋች ሽልማት፣ አለው። ይቺን ግን ባይናገራት ደስ ይለኝ ነበር።

ፍርዱ፦ ልጁ አሸንፏል። የአባት ክብር እንዳይነካ ግን ቀስ ብለው ይንገሯቸው።

ከዳንግላ፣ ከሁለት ጓደኛሞች

«በ2012 የፈረንሳይ ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ ማን ነበር? አንዳችን ዢሩ፣ አንዳችን የፓሪሱ ብራዚላዊ ኔኔ ብለን አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ተወራርደናል።»

ሁለቱም 21 ጎል ነበራቸው። ሽልማቱ ግን ለዢሩ ተሰጠ፤ ያለ ፍጹም ቅጣት ምት ያገባቸው ጎሎች ከኔኔ ይበልጡ ነበር። እንግዲህ ዋንጫውን ማን ወሰደ ከሆነ ነገሩ፣ ዢሩ ያለው ይብላ። ብዙ ጎል ያገባው ማን ነው ከሆነ ደግሞ እኩል ናችሁ። ሂሳቡን ለሁለት ክፈሉት፤ ደብረ ማርቆስ ብቅ ካላችሁ ደግሞ ዳኛው ጾም የሚይዘው ረቡዕና ዓርብ ነው።